ቦርሳው ይታወቃል

(በደብረ ማርቆስ ለወጣቶች፣ ለመምህራንና ለእድር አባላት ከቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ልጆች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የዘመናችን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች» ይላል። ሰፊ ነው። በዚህ ርዕስ ስለ ጉቦ ማውራት ይቻላል። ስለ ፈተና ኩረጃ ማውራት ይቻላል። ከበርበሬ ጋር ስለሚፈጨው ሸክላ እንኳ ማውራት ይቻላል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። እናንተም ኪስ ውስጥ አለ። የስልካችሁ ካሜራ ነው።

አንተ ከኋላ ያለኸው፣ አይቼሃለሁ። አታውርደው፤ ቅረጸኝ። እኔ መድረክ ላይ የወጣሁት ወድጄ ነው። ዛሬ የማወራው ሳይወዱ መድረክ ላይ ስለሚወጡ ሰዎች ነው።

በራሴ ልጀምር። ጥፋቱ የኔ ስለሆነ የምቀየመው ሰው የለም።

ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ ልናድል ተሰናዳን። ገንዘቡ የመጣው ውጭ አገር ከሚኖሩ የአካባቢው ልጆች ነው። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ። መስከረም ነው፤ ሜዳው ገና ጭቃ ነው። አርባ የሚሆኑ ልጆችን በሰልፍ አቆምን። ቦርሳው ሰማያዊ ነው። ጀርባው ላይ የለጋሾቹ ስም በነጭ ቀለም፣ በትልቁ ታትሟል። ስም እንጠራለን፤ ልጁ ይመጣል፤ ይቀበላል፤ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሮ ቦርሳውን ከፍ ያደርጋል።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ተራው ደረሰ። ተቀበለ። ወደ ካሜራው ዞረ። ከዚያ ደብተሮቹን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ። «ዝቅ አድርገው እንጂ፤ ፈገግ በል!» አልኩት። አላደረገም። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ፎቶውም ተነሳ።

በማግስቱ ልጁ አዲሶቹን ደብተሮች በአሮጌ ፌስታል ይዞ መጣ። የፌስታሉ ማንጠልጠያ ተበጥሶ በቋጠሮ ተይዟል። «ቦርሳህስ?» አልኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መለሰልኝ።

«ቲቸር፣ ቦርሳው ይታወቃል።»

ሌላ ነገር አልተናገረም። ደወል ተደወለና ገባ።

እኔ ያን ልጅ ለአንድ ዓመት ከሐሳብ ያሳረፍኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ጀርባው ላይ ምልክት ለጥፌበታለሁ። ገበያ ሲላክ፣ ወፍጮ ቤት ሲሄድ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲመለስ፣ ያ ሰማያዊ ቦርሳ ከሱ ቀድሞ «ይህ ልጅ ድሃ ነው» ይላል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አለው። ገመና ይለዋል፤ ገበና የሚሉም አሉ። ገመና ወንጀል አይደለም፤ ነውርም አይደለም። የቤት ውስጥ ጎዶሎ ነው። የሊጥ ዕቃው ባዶ ማደሩ፣ ፍራሹ መቀደዱ፣ አባወራው ጠጥቶ መግባቱ። ጎረቤት ያውቀዋል፤ ግን አያወራውም። ድንገት እንግዳ ሲመጣ በጓሮ በር እንጀራ ያቀብላል። እንግዳው የሚያየው የሞላ ሞሰብ ነው። በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ባለቤቷ ስለዚያች ጎረቤት ስታወራ «ረዳችኝ» ብላ አታቆምም። «ገመናዬን ሸፈነችልኝ» ትላለች። መርዳትና መሸፈን አንድ ሥራ ነበሩ። እኔ በአንድ እጄ ረድቼ በሌላው ገለጥኩ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው እንላለን። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያልን እንቆጥራለን። ሐሳቡን እንኳ ሰም ሳያለብስ የማይናገር ሕዝብ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከነዚህ ጉባኤ ቤቶች የወጡ አባቶች አሉ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንጠልጥለው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ያደጉ ናቸው። ስሳሳት አርሙኝ።

የቆሎ ተማሪ ከደጅ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚታወቀው ድምፁ ነው። እናት ከጓዳ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች፤ አኮፋዳው ውስጥ ትጨምራለች፤ እሱም አመስግኖ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። የማን ልጅ እንደሆነ አትጠይቀውም። የባለጸጋ ልጅም፣ የቄስ ልጅም፣ የጭሰኛ ልጅም እኩል ደጅ ይቆማል። ብዙውን ጊዜ ከአገሩ ርቆ ስለሚማር የሚያውቀው የለም። ልመናው የትምህርቱ አካል ስለሆነም አያሳፍርም። ያ ልጅ አድጎ፣ መሪጌታ ሆኖ፣ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ሲመለስ «ይኸው ሲለምን የቀረጽኩት» ብሎ ስልክ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ስንቱ ሊቅ ተሸማቆ ይቀር ነበር?

ለማኝን በጨዋ አነጋገር የምንጠራበትን ቃል ልብ በሉት። «የኔ ቢጤ» እንላለን። እኔን የሚመስል፣ የኔ እኩያ ማለት ነው። ዕለት ዕለት ስለምንለው አንሰማውም እንጂ ከባድ ቃል ነው። እሱም ሲቀበል «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። እኔ መክፈል አልችልም፣ በኔ ፈንታ እሱ ይስጥ ማለቱ ነው። ዕዳው ከሰውየው ትከሻ ላይ ወርዶ ወደ ላይ ሄደ። ሰጪውም «አብሮ ይስጠን» ይላል። በቃ፤ ሒሳቡ ተዘጋ።

ዛሬ ግን ሒሳቡ በዚህ አይዘጋም። ተቀባዩ በፊቱ ይከፍላል። ሁለት ሊትር ዘይት፣ አምስት ኪሎ ዱቄት፣ በለውጡ ሙሉ ፊት ከነእንባው።

ወንጌሉ ስትመጸውት በፊትህ መለከት አታስነፋ ይላል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በስውር የሚሰጥ ሰደቃ እንደሚበልጥ ያስተምራሉ። የዛሬው መለከት ሦስት እግር አለው፤ መሬት ላይ ይቆማል፤ ክብ መብራትም ተገጥሞለታል።

«ፈቅደው እኮ ነው የሚቀረጹት» የሚለኝ ሰው አለ። ይህን ነገር ቆም ብለን እንየው።

ፈቃድ የሚባለው እምቢ ማለት ሲቻል ነው። አንድ ሰው ዘይቱን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላ እጁ ይዞ በር ላይ ቆሞ «እናቴ፣ ትንሽ ብንቀርጽዎት ችግር አለው?» ሲል እሳቸው ምን ይበሉ? ልጆቹ ዘይቱን እያዩ ነው። እንግዳው ከሩቅ መጥቷል። ይሉኝታ ደግሞ አለ። እኛ አገር ይሉኝታ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለናንተ አልነግርም፤ የማይወደውን ምግብ ሦስት ጊዜ አስጨምሮ የበላ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይሉኝታ ያለበት «እሺ» ፈቃድ አይደለም።

እንዲህ ባለ ቀረጻ ላይ አንድ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። እማማ ከቤት ወጥተው ተቀበሉ፤ ጉልበት ሊስሙ አጎነበሱ፤ አለቀሱ። ከዚያ ቀራጩ ስልኩን አየና «ውይ፣ አልያዘውም» አለ። «እማማ፣ ይቅርታ፣ እንደገና ከውስጥ ይውጡ።» ዕቃውን መልሶ ወሰደባቸው። እሳቸው ተመልሰው ገቡ። በሩን ዘጉ። «እሺ!» ሲባሉ ወጡ። እንደገና ተቀበሉ፤ እንደገና አጎነበሱ። በሁለተኛው ግን እንባው አልመጣም። ቀራጩ ቅር አለው። ፊቱ ላይ አየሁት።

የሰው ፊት ይገርፋል ይባላል። ድሮ የሚገርፈው የአንድ ሰው ፊት ነበር። አሁን በአንድ ምሽት ሃምሳ ሺህ ፊት ነው። ያውም ከሃምሳ ሺው ውስጥ የተቀረጸችው እናት የገዛ እህቷ፣ የልጇ እጮኛ፣ የቀበሌ ጎረቤቷ አሉበት።

ይህን ግርፋት በደንብ ልናውቀው የሚገባን እኛ ነን። አገር ሆነን ተቀርጸናልና።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማይክል በርክ የተባለ የቢቢሲ ጋዜጠኛና ሞሐመድ አሚን የተባለ ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ ኮረም ላይ የሠሩት ዘገባ በዓለም ታየ። ዓለም ደነገጠ። እህል መጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተካሄደና ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ምስሉ ሰው አትርፏል። ይህን መካድ አይቻልም። የዚያ ዘመን ታሪክ ጎጃምንም ይነካል። ከወሎ ተነስተው ፓዌ የሰፈሩት ሰዎች የመጡት በዚያን ጊዜ ነው፤ መተከል ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር ስር ነበር።

ግን ቦርሳው ቀረ።

ውጭ አገር የኖረ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። «ከየት ነህ?» ተብሎ «ከኢትዮጵያ» ሲል ጠያቂው ፊት ላይ የምትመጣዋን ነገር ያውቃታል። አክሱምን አያስታውሱም፤ ላሊበላን አያስታውሱም። አርባ ዓመት አለፈ፤ አሁንም ጀርባችን ላይ አለ። እነዚያ ልጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የተቀመጡ እናቶች «ልቅረጽሽ?» ተብለው ነበር? ቢባሉስ እምቢ የሚሉበት ጉልበት ነበራቸው?

በነገራችን ላይ ነገሩ ከጊዜ በኋላ እርዳታ ሰጪዎቹንም አስጨንቋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ባጭሩ የተቸገረውን ሰው ምስኪን ብቻ አድርጋችሁ አታሳዩት፣ ክብሩን ጠብቁለት የሚል ነው። ሁሉም ያከብሩታል አልልም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ፈረንጅ ቢያንስ በወረቀት እተወዋለሁ ያለውን እኛ በገዛ እናቶቻችን ላይ ጀመርነው።

ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ዓባይ በረሃ ላይ የሆነ ነው።

ወደ አዲስ አበባ እየሄድኩ ነው። ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ አንድ ሚኒባስ ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ተጋድሟል። የሞተ አልነበረም፤ ያተረፋቸው ይመስገን። አንዲት ሴት ግን መንገድ ዳር ተዘርግታለች። ራሷን አታውቅም። ቀሚሷ ከወገቧ ጀምሮ ተቀዷል። አውቶቡሳችን ቆመ። ሃያ የምንሆን ሰዎች ወረድን። ከወረድነው መሐል ግማሽ የሚሆነው መጀመሪያ ያደረገው ስልክ ማውጣት ነው።

ከኔ ፊት ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው አዲስ አበባ ወልዳ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። የቅቤ ዕቃቸውን መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር። ዕቃውን ለኔ ሰጡኝና ወረዱ። ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ልጅቷ ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ ሁለት ሴቶችን ጠሩ። አንደኛዋ ነጠላዋን ፈታች፤ ግራና ቀኝ ይዘው አጥር ሠሩላት። ሴት መንገድ ላይ ምጥ ሲይዛት እንደሚደረገው ማለት ነው። ይህን ለመሥራት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

አንድ ወጣት ነጠላው ስለከለለው ዞሮ በላይ በኩል ወጣ። ድንጋይ ላይ ቆሞ ከላይ ቀረጸ። እናት ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ እናት የለህም?» አሉት። አልተቆጡም፤ እንደ ጥያቄ ነው የጠየቁት።

እኔስ ምን አደረግኩ? የቅቤ ዕቃ ይዤ ቆሜያለሁ።

ማታ አዲስ አበባ ገብቼ ቴሌግራም ስከፍት ቪዲዮው አለ። የሚያሳዝን ሙዚቃ ተደርጎበታል። የእናት ነጠላ በአንድ በኩል ይታያል። ከስር አንዱ «ይቺ ሴትዮ ባትከልለው ጥሩ ነበር» ብሎ ኮሜንት ጽፏል።

ስለ ለቅሶ ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም እያያችሁት ነው። አስከሬን ሲወጣ ላይቭ የሚገባ ሰው አለ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት በለቅሶ ቤት ስልክ የሚያወጣ አልነበረም ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ይሆንብኛል። ይቀርጹ ነበር፤ ሲመለስ ሊለቁት።

(እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ማይክራፎኑም አብሮ። ሃያ የሚሆኑ ስልኮች በአንዴ በሩ፤ አዳራሹ እንደ ደመራ ማታ ሆነ። «ስልክ ለዚህም ይጠቅማል» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።)

ሕጉን ላንሳ፤ ቶሎ አልፈዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቲክቶክ ቀርቶ ቴሌቪዥን እንኳ አገራችን አልገባም። የዚህ ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭ አይቀርብም ይላል። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል። የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ሥራ ሲሆን፣ በአደባባይ የተደረገ ሥነ ሥርዓት ሲሆን። ለዚህ ነው ከኋላ ያለውን ልጅ ቅረጸኝ ያልኩት። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም አለ፤ ቁጥሩ 1321 ነው። ስለዚህ «ሕግ የለም» አንበል። ነገር ግን ዘይት የተሰጧቸው እማማ ጠበቃ ቀጥረው ዘይት ሰጪያቸውን ሊከሱ ነው? እንዲህ ያለውን ነገር ሕግ ከሚደርስበት ቀድሞ ነውር ነው የሚደርስበት።

አሁን የኔን ጥፋት ምክንያት ልንገራችሁ። ልጆቹን ያሰለፍኳቸው ክፉ ስለሆንኩ አይደለም። ገንዘቡን የላኩት ሰዎች «ፎቶ ላኩልን» ስላሉ ነው። እነሱም ክፉ አይደሉም። ከዚያ በፊት ልከው የተበላባቸው ጊዜ አለ። ፎቶው ደረሰኝ ነው። በአርባ ልጆች ፊት የተቆረጠ ደረሰኝ።

ስለዚህ የነገሩ ሥር መተማመን ማጣት ነው። እኛ አዋቂዎቹ ስላልተማመንን ዋጋውን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከፈለ።

እዚህ ላይ እድርተኞቹን ላሞግስ። ከፊት ስለተቀመጡ አይደለም። እድር ለሐዘንተኛ ገንዘብ ሲሰጥ ፎቶ አንስቶ ያውቃል? አያውቅም። ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚ ያቀርባል፤ ሳህን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ቆጥሮ ይቀበላል። ገንዘቡ ከማን እንደወጣ፣ ለማን እንደገባ መዝገብ አለ። ጸሐፊው ይጽፋል፤ ገንዘብ ያዡ ይፈርማል፤ ዳኛው ያያል። የጎደለ ካለ በስብሰባ ይነሳል፤ አንዳንዴም ለአንድ ማንኪያ ሁለት ሰዓት ይጨቃጨቃሉ። (ሳቅ። «ለጭልፋ ነበር!» አሉ ከፊት ያሉ አንድ አባት።) እሺ፣ ለጭልፋ። ያ ጭቅጭቅ ግን ደረሰኝ ነው። የማንንም ፊት አይፈልግም።

ሌላም ነገር አለው እድር። ለባለ ሱቁም ለቀን ሠራተኛውም እኩል ይሰጣል። ዛሬ የሚሰጠው ሰው ነገ ተራው እንደሚደርስ ያውቃል። ድንኳኑ ነገ በሱ ደጅ ይተከላል። እንዲህ ያለ ሰው የጎረቤቱን ሐዘን ለመቅረጽ እጁ አይሄድም። የኔ ቢጤ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ እኛ ትምህርት ቤት ምን አደረግን? ትንሽ ነገር ነው። ቦርሳውን ተውነው። ደብተር ብቻ ገዛን፤ ስም የሌለበት፣ ሱቅ የሚሸጠው ዓይነት። ወላጅ ከሥራ ሲወጣ ማታ ማታ እየመጣ ከአንዲት መምህርት እጅ ይወስዳል። ሦስት ሰዎች መዝገቡን ያያሉ፤ ሁለቱ ከመምህራን ውጭ ናቸው። ለላኪዎቹ የሄደው የሱቁ ደረሰኝ፣ የመዝገቡ ድምርና የተከመረው ደብተር ፎቶ ነው። ከላኪዎቹ አንዱ «ልጆቹን ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ተቆጣና መላኩን አቆመ። ሌሎቹ ቀጠሉ። አንዷ እንዲያውም «እኔም በልጅነቴ እንዲህ ተሰልፌ አውቃለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ገንዘቡን ግን ጨመረች።

እርግጥ ካሜራ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ ወጣት ራሱ ወስኖ፣ ራሱ ተናግሮ፣ «እርዱኝ» ብሎ ከወጣ እሱ የራሱን ገመና በራሱ እጅ ነው የገለጠው። ያን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ልዩነቱ መጋረጃውን የያዘው እጅ የማን ነው የሚለው ነው። እንዲህ ላሉትም ቢሆን የሌባ ስጋት አለባቸው፤ የታመመ ሰው ፎቶ ተሰርቆ ሌላ የሒሳብ ቁጥር ተለጥፎበት ሲዞር አይተናል።

ካሜራ ምስክርም ይሆናል። በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ መንግሥት ደብቆት ሳለ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ ሲል ያን ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ እየጨመረበት በመስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ካሜራ ዙፋን ያነቃንቃል። ጉልበተኛ ደካማውን ሲመታ ብታዩ ቅረጹ፤ ካሜራውን ግን ወደ መቺው አዙሩት። የተመታችውን ነጠላ ጣል አድርጉባት። ዲምብልቢ የቀረጻቸው ሰዎች ፊት እንኳ ለደርግ ጉዳይ ሲያገለግል ባለቤቶቹን የጠየቀ አልነበረም።

ልጆቻችሁንስ? በገዛ ቤታችሁ አልቅሰው፣ ተንከባለው፣ ራቁታቸውን ታጥበው የምትለቋቸውን ማለቴ ነው። ዛሬ ያስቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው የክፍል ጓደኛቸው ያገኘዋል። ስለዚህ ይሄንን እናንተው ጨርሱት፤ ጊዜዬም አልቋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያን ፎቶ ለማስጠፋት ሞክሬ ነበር። ከስልኬ አጠፋሁት። ገጹን የሚያስተዳድረውን ልጅ ደውዬ «አውርድልኝ» አልኩት። «ቲቸር፣ ብዙ ላይክ ያለው እኮ እሱ ነው» አለኝ። ኋላ እሺ አለ፤ እስካሁን ግን አለ። ሰዎችም ወስደው ሌላ ቦታ ለጥፈውታል። ትናንት ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ገብቼ አየሁት። ልጁ ደብተሮቹን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፍኗል። የሚታዩት ጣቶቹና አንድ ጆሮው ናቸው። ከስሩ «ደስታውን መቆጣጠር ያቃተው ተማሪ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እሺ፣ መብራቱም መጣ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።